የአንዱ ሥራ ልምድ ለሌላው፤ ስለ ፕሮጀክት አብነት

አንድ መሥሪያ ቤት ሒሳቡን፣ ግዢውን፣ የንብረት መዝገቡንና የሠራተኛ ደመወዙን በአንድ የኮምፒዩተር ሥርዐት ለመያዝ ቈርጦ ሲነሣ፣ ብዙ ሰው ዋናው ነገር ሶፍትዌሩን መግዛት ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሶፍትዌሩ ተገዝቶ ሠራተኛው በየቀኑ እስኪሠራበት ድረስ ያለው መንገድ ረዥም ነው። የአሠራር ጥናት አለ፤ አሮጌውን መዝገብ ማጣራት አለ፤ ሙከራ አለ፤ ሠራተኛውን ማስተማር አለ፤ በመጨረሻም ከአሮጌው ወደ አዲሱ የሚሻገሩበት ሌሊት አለ። በዚህ መንገድ ላይ የሚወጣው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ከሶፍትዌሩ ዋጋ ይበልጣል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ይህን መንገድ አንድ ጊዜ የሄደ ድርጅት በሁለተኛው ቅርንጫፍ ሲጀምር እንደ ገና ከባዶ ወረቀት መነሣት አለበትን? የሙያው ሰዎች ለዚህ የሰጡት መልስ «ቴምፕሌት» ይባላል፤ እኛ «አብነት» እንበለው። ጉዳዩ የኮምፒዩተር ተማሪዎች ብቻ አይደለም። ሒሳብ አያያዝ ወይም አስተዳደር የምናጠና ሁሉ ነገ ተመርቀን ስንወጣ ከእንዲህ ዐይነቱ ሥራ ላይ ልንመደብ እንችላለንና ነገሩን ዛሬ ማወቁ አይጎዳንም።

አብነት ሁለት ዐይነት ነው። የመጀመሪያው የሥራው አካሄድ አብነት ነው። በውስጡ የሥራዎቹ ዝርዝርና ቅደም ተከተል፣ ለእያንዳንዱ ሥራ የሚበቃው ጊዜ፣ የኀላፊው ድርሻ፣ የሚሞሉ ባዶ ቅጾች፣ የሙከራ ጥያቄዎች፣ እንዲሁም «ይህ ሳይፈረም ወደሚቀጥለው አይታለፍም» የሚባሉ በሮች ይገኛሉ። ሁለተኛው የራሱ የሥርዐቱ አብነት ነው፤ ይኸውም የሒሳብ መደቦች፣ የዕቃ መለያ ቍጥሮች፣ የግዢ ፈቃድ ደረጃዎችና ይህን የመሳሰሉት አስቀድመው የተደራጁበት ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር የተቋቋመው ኤስ.ኤ.ፒ. የተባለው ኩባንያ በ2015 እ.ኤ.አ. «አክቲቬት» ብሎ ያወጣው ዘዴ ሁለቱን ያጣምራል። ሥራውን በስድስት ምዕራፍ ከፍሎ፣ ተጠቃሚውን «ምን ትፈልጋለህ?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ የተዘጋጀውን አሠራር በዐይኑ አሳይቶ «የማይስማማህ የትኛው ነው?» ይለዋል።

የሁለተኛው ዐይነት አብነት ጥቅም ከኔስሌ ታሪክ ይታያል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ኔስሌ ሥርዐቱን አንድ ለማድረግ ሲነሣ፣ ቫኒላ የተባለውን ቅመም ከአንድ ነጋዴ በ29 ልዩ ልዩ ዋጋ ሲገዛ መኖሩ ተገኘ። ምክንያቱ ሌብነት አልነበረም። እያንዳንዱ ፋብሪካ ለቫኒላ የራሱን ስምና ቍጥር ሰጥቶት ስለ ነበር፣ ዋጋውን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያይ ሰው አልነበረም። ዋናው ኩባንያ በ2000 እ.ኤ.አ. «ግሎብ» ብሎ የጀመረው ሥራ የተመሠረተውም በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው፤ አንድ ዐይነት አሠራር፣ አንድ ዐይነት የመረጃ ስያሜ፣ አንድ ዐይነት ሥርዐት አዘጋጅቶ በየአገሩ መትከል።

አብነት እንዴት ይዘጋጃል? በመጀመሪያ፣ አብነት የሚወጣው ካለቀ ሥራ እንጂ ከሐሳብ አይደለም። ሲወጣም መጀመሪያ የታቀደው ሳይሆን በእውነት የተደረገው ይወሰዳል። መዝገብ ማጣራቱ በሁለት ሳምንት ያልቃል ተብሎ ሰባት ሳምንት ከፈጀ፣ ለሚቀጥለው ሰው የሚጠቅመው ሰባቱ ነው።

ሁለተኛ፣ ቀኑ ወጥቶ በምትኩ ርቀት ይገባል። «መስከረም 12» የሚለው ተሰርዞ «ሥራው በተጀመረ በ10ኛው የሥራ ቀን» ይባላል። እንደዚሁም የሰው ስም ወጥቶ «የግዢ ክፍል ተወካይ» የሚለው ድርሻ ይገባል። ሦስተኛ፣ የቀድሞው ድርጅት ምስጢር፣ ማለት ዋጋው፣ የሠራተኞቹ ደመወዝና የደንበኞቹ ስም፣ ፈጽሞ ይጠፋል። ይህን የዘነጋ የአንዱን ገበና ለሌላው አሳልፎ ይሰጣል።

አራተኛ፣ ከእያንዳንዱ ሥራ አጠገብ ምክንያቱ ባጭሩ ይጻፋል። ምክንያቱ ያልተጻፈለት ትእዛዝ ከጥቂት ዓመት በኋላ ማንም የማይገባው፣ ማንም ለመሰረዝ የማይደፍረው ልማድ ሆኖ ይቀራል። አምስተኛ፣ አብነቱ ቍጥርና ባለቤት ይኑረው። ባለቤት የሌለው አብነት በየሰዉ ኮምፒዩተር ላይ ልዩ ልዩ መልክ ይዞ ይበተናል፤ ያን ጊዜም የትኛው ትክክለኛ እንደ ሆነ የሚያውቅ አይኖርም።

አሁን ወደ አደጋው እንምጣ። ቀድሞ የተማሪ መጽሔቶች በስቴንስል ሲባዙ፣ በስቴንስሉ ላይ አንድ ፊደል የተሳሳተ እንደ ሆነ መቶው ቅጂ ሁሉ ይሳሳት ነበር። አብነትም እንዲሁ ነው። ባለፈው ክረምት ለልምምድ በገባሁበት አንድ መሥሪያ ቤት ይህን በዐይኔ አየሁ። አብነቱ ከውጭ አገር ሥራ የተገለበጠ ነበር። የተረጐመው ሰው «ጃንዋሪ» በሚለው ቦታ መስከረምን፣ «ፌብሩዋሪ» በሚለው ጥቅምትን እያለ ዐሥራ ሁለቱን ቦታ ሞላ፤ ጳጉሜም ሜዳ ላይ ቀረች። የዓምናው የመጋዘን ደረሰኝ ለሙከራ ሲገባ ማሽኑ «ጳጉሜ 3» የሚለውን አልቀበልም አለ፤ መዝጋቢዎቹም ነሐሴ 30 እያሉ አስገቡት። መጋዘኑና ማሽኑ ሳይስማሙ ስንት ቀን እንደ ተጨቃጨቅን እኔ ነኝ የማውቀው። በዚያ ላይ ቅጹ «የቤተሰብ ስም» ይጠይቅ ስለ ነበር የደመወዝ መዝገቡ ሠራተኛውን ሁሉ በአያቱ ስም ይጠራው ጀመር። ጥፋቱ የማሽኑ አልነበረም። ከመገልበጡ በፊት «ይህ ለእኛ ይሆናልን?» ብሎ የጠየቀ ሰው ስላልነበረ ነው።

ስለዚህ አብነትን የሚጠቀም ሰው ዋናውን ሳይነካ ቅጂውን ይይዛል፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ግን ለመጨመርና ለመሰረዝ ይሰጠዋል። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ሦስት ጥያቄ ያነሣል፤ ይህ ለእኛ ያስፈልጋልን? የእኛ ሕግ ይፈቅደዋልን? የጎደለስ ምንድር ነው? የአገራችን የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። የግብሩ ምጣኔም ይለወጣል፤ ከደመወዝ ግብር ነጻ የነበረው የወር ገቢ 600 ብር ሲሆን፣ በ2017 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያ 2,000 ብር ሆኗል። እንዲህ ያለው ቍጥር ከአብነቱ አጥንት ጋር ከተሰፋ፣ አዋጁ በተለወጠ ቍጥር አጥንቱን መስበር ይመጣል። በአብነቱ ውስጥ ሊኖር የሚገባው «በሥራ ላይ ያለው ምጣኔ እዚህ ይሞላ» የሚለው ባዶ ቦታ ነው።

ይሁን እንጂ «እኛ ከሁሉ እንለያለን» ማለትም ወደ ሌላ ገደል ይወስዳል። ሊድል የተባለው የጀርመን የገበያ መደብር ኩባንያ አዲስ ሥርዐት ለመትከል ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደከመ። ሶፍትዌሩ የዕቃን ክምችት የሚተምነው በመሸጫ ዋጋ ሲሆን፣ ሊድል ግን እንደ ልማዱ በመግዣ ዋጋ ካልሆነ አለ፤ ሶፍትዌሩም ለዚህ ልማድ ሲባል እየተበጠሰ ተቀጠለ። በ2018 እ.ኤ.አ. ሥራው ተቋረጠ። የወጣውንም ገንዘብ ጋዜጦች እስከ 500 ሚሊዮን ዩሮ ገምተውታል። እንግዲህ ብልኀቱ ሕግ ወይም እውነተኛ ችግር የሚያስገድደውን መለወጥና ልማድ ብቻ የሆነውን መተው ነው። ሁለቱን መለየት ግን ከአብነቱ ውስጥ አይገኝም፤ የመሥሪያ ቤቱን ሥራ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል።

የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉ ይልቅ እኛን ይመለከታል። አማካሪዎች መጥተው ሥራውን ጨርሰው ሲሄዱ፣ ልምዱ በአእምሯቸው ብቻ ከሆነ አብሯቸው ይሄዳል፤ መሥሪያ ቤቱም ለሚቀጥለው ቅርንጫፍ ያንኑ ዕውቀት ሁለተኛ ይገዛል። የተስተካከለው አብነት ለመሥሪያ ቤቱ ተላልፎ እንዲቀር አስቀድሞ በውሉ ውስጥ መጻፍ ይገባል። ቢጻፍ እንኳ ወረቀቱን ሕያው የሚያደርገው በየቀኑ «ዛሬ ምን ተበላሸ? እንዴትስ ተስተካከለ?» እያለ ማስታወሻ የሚይዝ ሰው ነው። በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ አዲስ ተመራቂ ትልቁን ውሳኔ እንዲወስን አይጠየቅም፤ ማስታወሻውን ግን መያዝ ይችላል። እኔ ያን ክረምት አልያዝሁም ነበር። የጳጉሜን ነገር ዛሬ እዚህ ጻፍሁት እንጂ በመሥሪያ ቤቱ አብነት ላይ አልተጻፈም፤ ምናልባት የሚቀጥለው ቅርንጫፍ እንደ ገና ይማረው ይሆናል።