ለዲፕሎማ ፈተና የትኛውን ሶናታ እንምረጥ?

የዲፕሎማ ፈተና ሲቃረብ እኛ የፒያኖ ተማሪዎች «የትኛውን ሶናታ ያዝክ?» መባባላችን የተለመደ ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1799 የታተመው የቤትሆቨን «ፓቴቲክ» ነው። ታዋቂ ነው፣ አዳራሽም ያናውጣል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ግን፣ በተለይ እንደኔ ከአዳማና ከአካባቢዋ ለመጡ ተማሪዎች፣ ምርጫው ከዝና ሳይሆን ከምንለማመድበት መሣሪያ ቢጀምር ይሻላል እላለሁ።

በአዳማም ሆነ በሞጆና በሻሸመኔ ኪቦርድ አይጠፋም፤ ፒያኖ ግን ብርቅ ነው። ለዕረፍት ቤት ስንገባ እጃችን ላይ ያለው ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ነው። ፈተናው ደግሞ በፒያኖ ነው።

ደስ የሚለው፣ በሞዛርት ዘመን የነበሩት ፒያኖዎችም በአብዛኛው አምስት ኦክታቭ፣ ማለትም 61 ቁልፍ ነበራቸው። ልዩነቱ የእነሱ ከ«ፋ» ሲጀምር የኛ ኪቦርድ ከፍ ብሎ ከ«ዶ» መጀመሩ ነው። ስለዚህ ከታች የሚጎድሉን ሰባት ቁልፎች ብቻ ናቸው። በኋላ ዘመን የተጻፉ ትልልቅ ሥራዎች ግን ከላይም ከታችም ያልቁብናል።

ሁለተኛው ጉዳይ የቁልፉ ክብደት ነው። የ«ፓቴቲክ» አንደኛ ክፍል ግራ እጅን በኦክታቭ ትሬሞሎ ለረጅም ጊዜ ያሠራል። በቀላል ኪቦርድ ላይ ምንም አይመስልም፤ ፒያኖ ላይ ሲቀመጡ ግን ክንድ ይደነድናል። ይህን ጉልበት ቤት ውስጥ ማዳበር አይቻልም።

በኔ በኩል የመረጥኩት ሞዛርት እ.ኤ.አ. በ1778 ፓሪስ ላይ የጻፈውን የላ ማይነር ሶናታ (ኬ. 310) ነው። ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ሥራውን ለሁለት መክፈል ይቻላል፦ ጣት አመዳደብን፣ ቆጠራንና በቃል መያዝን በኪቦርድ፤ የድምፅ ጥራትንና ፔዳልን በትምህርት ቤቱ ፒያኖ። ቀስ ያለውን ሁለተኛ ክፍል ደግሞ ቤት ውስጥ ዜማውን በአፍ እየዘመሩ ማጥናት ይጠቅማል። ፍጥነት ብዙ ነገር ይሸፍናል፤ ቀስ ያለ ክፍል ግን የተማሪውን ጆሮ እርቃኑን ያወጣዋል። ስለዚህ ሶናታ ከመወሰናችሁ በፊት መካከለኛውን ክፍል ፒያኖ ላይ ሞክሩት። እሱ ካልያዛችሁ ሌላ ፈልጉ።

በመጨረሻም ሶናታው ብቻውን አይቆምም፤ ከባሮክ፣ ከሮማንቲክና ከዘመናዊ ሥራዎች ጋር ይቀርባል። በያሬድና በሶፊያ የተማረው ፒያኒስት ግርማ ይፍራሸዋ የአውሮፓ ክላሲኮችን በኢትዮጵያ ቅኝቶች ከተመሠረቱ የራሱ ድርሰቶች ጋር በአንድ መድረክ ያቀርባል። እኛም ሶናታችንን ስንመርጥ ከፊቱና ከኋላው ምን እንደምንጫወት አብረን እናስብ።

ሌላ ሶናታ የሞከራችሁ ካላችሁ በሚቀጥለው ዕትም ብትጽፉልን ሁላችንም እንማርበታለን።