የጋኑ አገልጋይ

በባሕር ዳር፣ ፔዳ ከተባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ብዙም ሳይርቅ፣ ጠላ የምትጠምቅ እናት ጋኗን በግራዋ አጥባ በወይራ ጢስ ካጠነች በኋላ፣ ከዘጌ የመጣውን ጌሾ ከብቅል ጋር ስትጠነስስ፣ በሦስተኛውም ቀን ጆሮዋን ወደ ጋኑ አፍ አስጠግታ የጥንስሱን መፍላት ስታዳምጥ፣ ያን የማፍላት ሥራ የሚሠራላት በዓይን የማይታይ፣ አንዲት ሕዋስ ብቻ ያለው ረቂቅ ፍጥረት፣ እርሾ ነው።

ይኸው ፍጥረት ዛሬ ከጋን ወጥቶ የሕፃናት ጠባቂ ሆኗል። ሄፓታይተስ ቢ የተባለውን የጉበት በሽታ ለመከላከል እ.ኤ.አ. በ1981 የተፈቀደው ክትባት በቫይረሱ ከተያዙ ሰዎች ደም የሚጣራ ነበር፤ በ1986 ግን ሊቃውንት የቫይረሱን ሽፋን የሚያሠራውን ዘረመል ወደ እርሾ አግብተው፣ የሰው ደም ያልነካውን ክትባት ለሕዝብ አበረከቱ። በአገራችንም ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ሕፃናት በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት የሚወስዱት፣ አምስት በሽታዎችን በአንድነት የሚከላከለው ክትባት ይህን የእርሾ ፍሬ ይዟል፤ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያም ከእርሾ የተገኘ ነው።

የባዕድ ዘረመል የተሰጠው እርሾ፣ በማያውቀው ቋንቋ የተጻፈ ብራና ቅዳ ተብሎ የታዘዘውን የጣና ገዳም ቁም ጸሐፊ ይመስላል። ስለዚህ ባለሙያዎች ምስጢሩን ሳያፋልሱ፣ ንባቡን እርሾው በለመዳቸው ፊደላት ይጽፉለታል፤ እንደ ክር የሚወጣው ፕሮቲን በወጉ ካልታጠፈ ከንቱ ነውና፣ አጣጣፊ ረዳቶችን ያበዙለታል፤ የተሠራውን መልሰው የሚቆራርጡትን ኢንዛይሞች ከነዘረመላቸው ያጠፋሉ፤ እርሾው በፕሮቲኑ ላይ የሚደርበውን ረጅም የማኖዝ ስኳር የሰው አካል እንደ ባዕድ ስለሚቆጥረው፣ ስኳሩን የሚያስረዝመውን ዘረመል ነቅለው ለሰው የሚስማማውን ይተክላሉ።

ይህ ሁሉ ተደርጎለትም ትእዛዝ ሲበዛበት እርሾው ይጨነቃል፤ ያልታጠፈው ፕሮቲን በውስጡ ተከማችቶ እድገቱ ይገታል፣ ምርቱም ያንሳል። ስለሆነም ፒኪያ የተባለው የእርሾ ወገን በመጀመሪያ በግሊሰሮል ተመግቦ እንዲበዛ ይደረግና፣ ሜታኖል ሲጨመርለት ያን ጊዜ የታዘዘውን መሥራት ይጀምራል፤ አስቀድሞ ቤቱ ይሰናዳለታል፣ ሥራውም ኋላ ይጠየቃል።

ጋኗን ሳታጥን የማትጠነስሰው እናት ይህን ሕግ በእጇ ታውቀዋለች፤ ስሙን ከፔዳጎጂ በወሰደው ግቢ ውስጥ የሚማር ወጣትም የአገሩን እርሾ ለመመርመር ሲነሣ፣ የመጀመሪያውን ትምህርት ከእርሷ ጓዳ ቢቀበል ክብር ነው።