የእናትና የልጅ ጥርስ

ልጅ ሲወለድ ቤቱ ሁሉ ወደ ሕፃኑ ይዞራል። ገንፎው ይገነፋል፤ አጥሚቱ ይሞቃል፤ ጎረቤቱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል። የአራሷን ጥርስ ግን ማንም አያስታውስም። እሷም ራሷ ትረሳዋለች። መፋቂያ ቆርጦ የሚያመጣላት የለም። ሌሊት ለማጥባት ስትነሣ ማር ወይም ስኳር የገባበት አጥሚት ትጠጣና ተመልሳ ትተኛለች። ጣፋጩ ጥርሷ ላይ ያድራል።

ጥርስ የሚበላሸው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው። በአገራችን «ጥርሴን ትል በላው» ይባላል። በጥርስ ውስጥ ትል የለም። በአፋችን ውስጥ ያሉት በዓይን የማይታዩ ጀርሞች ናቸው። ጀርሞቹ የምንበላውን ጣፋጭ ይበላሉ፤ አሲድም ያወጣሉ። አሲድ ማለት እንደ ሎሚ ጭማቂ የሚቆመጥጥ ነገር ነው። ጎርፍ ማሳን እንደሚሸረሽር፣ ይህም ጥርስን ቀስ በቀስ ይሸረሽራል። መጀመሪያ ነጭ ወይም ቡናማ ነጥብ ይታያል። ቀጥሎ ነጥቡ ጉድጓድ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ነው ሕመሙ የሚመጣው።

አንዳንድ እናቶች «ጥርሴን የጨረሰው ልጁ ነው» ይላሉ። ሕፃን በማሕፀን ሳለ ከእናቱ ጥርስ ላይ የሚወስደው ነገር የለም። ነገሩ ሌላ ነው። በእርግዝና ጊዜ በሰውነት ውስጥ በሚደረገው ለውጥ ድድ በቀላሉ ያብጣል፤ ሲነካም ይደማል። ሴትዮዋ ደሙን ታይና መፋቅ ትተዋለች። ስትተወው ቆሻሻው ይከማቻል፤ ድዱም ይብስበታል። ስለዚህ ድድ ሲደማ መፋቁን ቀስ ማድረግ ነው እንጂ መተው አይደለም። የሚያስመልሳት ነፍሰ ጡር ደግሞ ወዲያው አፏን በውኃ ትጉመጥመጥ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታ ትፋቅ። ከሆድ የሚወጣውም አሲድ ስላለበት ነው። ጥርሷን ካመማት ነፍሰ ጡር ነኝ ብላ ለሐኪሙ ትንገር። ነፍሰ ጡር ናት ተብሎ ሕክምና አይከለከልም።

መፋቂያችን የሚናቅ አይደለም። ወይራም ይሁን ልምጭ፣ ጫፉን አኝኮ እንደ ብሩሽ ማለስለስ፣ የጥርሱን ፊትም ጀርባም መፋቅ ነው። ብሩሽና የጥርስ ሳሙና የሚገኝ ከሆነ ደግሞ ፍሎራይድ ያለበትን ሳሙና ጠይቆ መግዛት ነው፤ ፍሎራይድ ጥርስን ያጠነክራል። ልማዳችን ጠዋት መፋቅ ነው። ጠዋቱ ይቀጥል፤ ማታ ከመተኛት በፊት ያለው ግን ይበልጣል። አባቶች፣ ከማሳ ስትመለሱ አንድ እርጥብ መፋቂያ ለአራሷ ይዛችሁ ግቡ። ለእናንተም የራሳችሁን። አንዱን መፋቂያ ለሁለት መጠቀም አይገባም።

የእናት አፍ ንጹሕ መሆን ለልጁም ይጠቅማል። ምግብ አላምጦ ለሕፃን ማጉረስ፣ ማንኪያውን ልሶ መልሶ መስጠት በብዙ ቤት አለ። ከእናት ወይም ከአያት አፍ ያለው ጀርም በምራቁ ወደ ልጁ ያልፋል። ምግቡን በማንኪያ ጀርባ መጨፍለቅ ይሻላል። ጥርስ ሳይወጣ የሕፃኑን ድድ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ በራሰ ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ነው። የመጀመሪያው ጥርስ ብቅ ሲል በቀን ሁለት ጊዜ ማጽዳት ይጀመራል። ሳሙናው የሩዝ ፍሬ ከምታህል አይበልጥ። ልጁን ስኳር የገባበት ሻይ ወይም ወተት በጡጦ አስይዞ ማስተኛት ግን ጥርሱን ገና በሕፃንነቱ ያበላሽበታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይኸውም ግግ የሚባለው ነው።

ሕፃኑ ስድስት ወር ገደማ ሲሆነው ያስቀምጠዋል፤ ያተኩሰዋል፤ ጡት እምቢ ይላል። አያቱ አፉን ከፍተው ያያሉ። ክራንቻ በሚበቅልበት ቦታ ድዱ አበጥ፣ ነጣ ብሎ ይታያል። «ግግ ነው፤ ይውጣለት» ይባላል። አውጪ ይጠራል። በወስፌ ወይም በምላጭ ድዱን ፈልቅቆ አንድ ለስላሳ ነጭ ነገር ያወጣል። ትል ይመስላል። ያ ትል የተባለው የልጁ ጥርስ ነው። እንደ እሸት ያለ፣ ገና ያልጠነከረ ጥርስ ነው።

ልጅ ሲወለድ የ20ዎቹ የወተት ጥርሶች ቡቃያ ድዱ ውስጥ ተቀምጧል። ቀድመው የሚወጡት የፊተኞቹ ናቸው፤ ስድስት ወር ገደማ ላይ። ክራንቻ የሚወጣው ግን ከ16 እስከ 23 ወር ባለው ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ ከድዱ ሥር አበጥ ብሎ ቢታይ በሽታ አይደለም። ከእሱም ሥር ልጁ ሲያድግ ዕድሜ ልኩን የሚያኝክበት ሌላ ክራንቻ መሠረት ይዟል። ወስፌው ያንንም ይነካዋል። ስለዚህ ጥርሱ በኋላ ጠማማ ሆኖ ይወጣል፤ ወይም ጭራሽ ሳይወጣ ይቀራል። ይህም ቀላሉ ጉዳት ነው። ብዙ ደም የሚፈሳቸው ሕፃናት አሉ። በቆሸሸ ወስፌ መንጋጋ ቆልፍ ይመጣል፤ ሌላ ልጅ የተቆረጠበት ምላጭም ኤች አይ ቪን ሊያስተላልፍ ይችላል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም በጎጂ ልማድ ሕፃንን የገደለ ወይም የጎዳ ሰው እንደሚቀጣ ይደነግጋል።

ታዲያ ተቅማጡ ከየት መጣ? ልጁ በስድስት ወሩ ምግብ ይጀምራል። መዳህም ይጀምራል። መሬት ላይ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል። ከቆሻሻው ጋር ጀርም ይገባል። ጥርሱም የሚያብበው በዚያው ሰሞን ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን ገበያ ቢመጡ አንዱ ሌላውን አመጣው አይባልም።

ይህን በክፍል ሳስተምር አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። «አንተ ልጅ፣ እኔ የሦስቱንም ልጆቼን ግግ አስወጥቻለሁ። ሦስቱም ድነዋል። ምን ትላለህ?» አሉኝ።

«እማማ፣ ተቅማጥ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀን በራሱ ይቆማል። ባያስወጡላቸውም ይድኑ ነበር» አልኳቸው።

ከኋላ የተቀመጡ ሌላ እናት ቀስ ብለው፣ «የእኔው አልዳነም። ግጉ ዘግይቶ ነው የወጣለት አሉኝ» አሉ። ክፍሉ ጸጥ አለ።

እንግዲህ እናስተውል። ልጁ ከዳነ ግጉ ስለወጣለት ዳነ ይባላል። ከሞተ ደግሞ ዘግይቶበት ሞተ ይባላል። እንዲህ ከሆነ አውጪው መቼም አይሳሳትም ማለት ነው።

ተቅማጥ ሕፃንን የሚገድለው የሰውነቱን ውኃ ጨርሶ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መደረግ ያለበት የወጣውን ውኃ መተካት ነው። ጡት አይቋረጥ፤ እንዲያውም ቶሎ ቶሎ ይሰጠው። ከጤና ኬላ ኦ.አር.ኤስ. እና የዚንክ እንክብል መቀበል ይቻላል። የኦ.አር.ኤስ. ዱቄት የሚበጠበጠው በፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ ነው፤ የ1 ሊትር ከሆነ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ። ቁጥሩን ራሳችሁ አንብቡ። ከሁለት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከሩብ እስከ ግማሽ ኩባያ ቀስ እያሉ በማንኪያ ማጠጣት ነው። ቢያስመልሰው አሥር ደቂቃ ቆይቶ እንደገና መጀመር ነው። ተበጥብጦ ያደረው ይደፋል። ዚንኩ ተቅማጡ ቢቆምም ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል፤ መጠኑን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትነግራችኋለች። የልጁ ዓይን ከሰረጎደ፣ ጡት መሳብ ካቃተው፣ ከደከመና ከፈዘዘ፣ ወይም ሰገራው ደም ካለበት፣ ነገ ሳይባል በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይወሰድ። በመንገድ ላይም ኦ.አር.ኤሱን እያጠጡት መሄድ ነው።