ተጨማሪ መረጃ፦ ሐምሌ 9 ቀን

ዛሬ ጭሮ፣ ቀድሞ አሰበ ተፈሪ በተባለችው ከተማም ሆነ በሒርና፣ በበዴሳና በገለምሶ የሚማር ተማሪ ሐምሌ 9 ቀንን ልብ ይል ዘንድ የሚገባው ምክንያት አለ፤ የጨርጨር ገዥ ሳሉ ጭሮን ለሠለጠነ አስተዳደር አብነት ትሆን ዘንድ የቆረቆሯት፣ በብላቴንነታቸው ወደ ሩሲያ ተሻግረው የመድፈኛነትን ጥበብ የቀሰሙትና «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» በተሰኘው ድርሰታቸው ለአማርኛ ቴአትር ፈር የቀደዱት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ያረቀቁት፣ የአገራችን የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥት በ1923 ዓ.ም. በዚሁ ዕለት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፊርማ ጸንቷልና። 55 አንቀጾች ያሉት ይህ ሕግ፣ ከጃፓኑ የሜይጂ ሕገ መንግሥት ብዙ የቀዳ እንደ መሆኑ፣ ሁለት ምክር ቤቶችን ቢያቆምም የንጉሠ ነገሥቱን ሥልጣን አጸና እንጂ አልገደበም፤ ይህንም ሳይሸሽጉ መናገር ይገባል።

ዕለቱ በሌላው ዓለምም ይታወሳል፤ በ1942 ዓ.ም. በዚሁ ቀን፣ እኩል ለእኩል መለያየት ብቻ ለእግር ኳስ የዓለም ዋንጫ ይበቃት የነበረችው ብራዚል፣ በማራካና ስታዲዮም ከ170 ሺህ በሚበልጥ ተመልካች ፊት በኡራጓይ 2 ለ 1 ተረታች። በ1961 ዓ.ም. ደግሞ አፖሎ 11 ሦስት ጠፈርተኞችን ይዛ ወደ ጨረቃ ተወነጨፈች፤ ከዚያ አስቀድሞ በ1937 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአቶሚክ ቦምብ በኒው ሜክሲኮ ምድረ በዳ ተፈትኖ ነበር። በሙዚቃውም ዓለም «የሳልሳ ንግሥት» የተባለችው የኩባ ተወላጅ ሴሊያ ክሩዝ በ1995 ዓ.ም. በአሜሪካ ሳለች በዚህ ዕለት ዐርፋለች።