ሾተላይና የአባትየው ደም

ሾተላይ ሲባል የኖረው የአንዲት እናት ልጆች በተከታታይ ሲጨነግፉ ወይም እንደተወለዱ ሲሞቱ ነው። ክታብ ታስሮበታል፤ ጠበል ተጠምቆለታል፤ ከሟቾቹ በኋላ የተረፈውም ልጅ ካሳ፣ ምትክ ወይም ማስረሻ ተብሏል። ነቀፋው ግን የሚያርፈው በሴቷ ላይ ነበር። ባል ፈትቶ ሌላ አግብቶ ጤነኛ ልጆች ከወለደ፣ ጥፋቱ የፊተኛዋ ለመሆኑ ከዚህ ሌላ ማስረጃ አልተፈለገም። ዛሬ በአዲስ አበባ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በጋንዲም ሆነ በዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ ነፍሰ ጡር ለመጀመሪያ ክትትል ስትመጣ የደም ዓይነቷን መለየት ከመነሻ ምርመራዎቿ አንዱ ነው።

የነገሩ ሥር መገለጥ የጀመረው ካርል ላንድሽታይነርና አሌክሳንደር ዊነር እ.ኤ.አ. በ1940 የአር ኤች የደም ዓይነትን ካሳወቁ ወዲህ ነው። በቀይ የደም ሕዋሱ ላይ ዲ የሚባለው ፕሮቲን ያለው ሰው ፖዘቲቭ፣ የሌለው ኔጋቲቭ ይባላል። ለዚህ ፕሮቲን ትእዛዝ የሚሰጠው ዘረ መል በአንደኛው ክሮሞዞም ላይ ሲሆን ማንም ሰው ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ ቅጂ ይወርሳል። ፖዘቲቭ ለመሆን አንዱ ቅጂ ይበቃል። ኔጋቲቭ የሚሆነው ከሁለቱም ወገን ዲ ያልደረሰው ነው። በአውሮፓውያን ዘንድ ከመቶ ሰው 15 ያህሉ ኔጋቲቭ ነው፤ በኢትዮጵያ ከዚያ ያነሰ ነው።

ኔጋቲቭ እናት ለልጇ ዲን ልታወርስ አትችልም፤ የላትምና። በማህፀኗ ያለው ጽንስ ፖዘቲቭ ከሆነ ያገኘው ከአባቱ ነው። የአባትየው ሁለቱም ቅጂዎች ዲ ከሆኑ ልጆቹ ሁሉ ፖዘቲቭ ይሆናሉ። አንዱ ብቻ ከሆነ ግን በእያንዳንዱ እርግዝና ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። በአንድ ቤት አንዱ ልጅ ሞቶ ተከታዩ የሚተርፈው፣ ጠንቋይና ደብተራ ሲከራከሩበት የኖረው እንቆቅልሽ፣ አንዱ ፍቺ እዚህ ላይ ነው። ዳግም ያገባው ባል ልጆቹ የዳኑለትም አዲሷ ሚስት፣ እንደ አብዛኛው ሴት፣ ፖዘቲቭ ስለሆነች ነው እንጂ እሱ ከነገሩ ነጻ ስለነበረ አይደለም።

በእርግዝና ወቅት የእናትና የልጅ ደም በአብዛኛው ተለያይቶ ይኖራል። በወሊድ ሰዓት እንግዴ ልጁ ሲላቀቅ ግን ጥቂት የልጁ ደም ወደ እናት ይሾልካል። የእናቲቱ ሰውነት ዲን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል፤ ይህ ጊዜ ስለሚወስድ የበኩር ልጅ ብዙውን ጊዜ ሳይነካ ይወጣል። ተከታዩ ፖዘቲቭ ጽንስ ሲመጣ ግን የተዘጋጀው ፀረ እንግዳ አካል እንግዴ ልጁን አልፎ ቀይ የደም ሕዋሶቹን ያፈርሳል። ጽንሱ ደም ያንሰዋል፤ ሰውነቱ በውኃ ያብጣል፤ ይሞታልም። ተርፎ ቢወለድ በመጀመሪያው ቀን ቢጫ ይሆናል፤ ቢጫው ንጥረ ነገር ወደ አንጎል ከዘለቀ ለመስማት ችግርና ለዕድሜ ልክ የእንቅስቃሴ ጉዳት ይዳርጋል። ለዚህ ነው ሐኪሞች ሰማያዊ መብራት ሥር የሚያስተኙት፤ ሲብስም ደሙን የሚለውጡት።

ይህን ሁሉ የሚያስቀረው አንቲ ዲ የተባለው መርፌ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። የሚሠራው ራሳቸው ፀረ እንግዳ አካሉ ካላቸው ለጋሾች ደም ነው፤ በቅዝቃዜ መቀመጥም አለበት። ወደ እናቲቱ የገባውን የልጅ ደም ሰውነቷ ሳያውቀው ጠርጎ ያስወግዳል። መርፌው ከመምጣቱ በፊት ፖዘቲቭ ልጅ ከወለዱ ኔጋቲቭ እናቶች ከመቶ 16 ያህሉ ፀረ እንግዳ አካል ያመርቱ ነበር። በ28ኛው ሳምንትና ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ቁጥሩ ከመቶ ከአንድ በታች ይወርዳል። 72 ሰዓቱ ቢያልፍም እስከ 10 ቀን መውጋት ይጠቅማል። ሰውነቷ አስቀድሞ ላመረተች ግን መርፌው ምንም አይሠራም። ደም ሲፈስ፣ ሆድ ሲመታ፣ ከማህፀን ውጭ ሲረገዝም ያስፈልጋል። ስለ ማስወረድ የዓለም ጤና ድርጅት የ2022 መመሪያ ከ12 ሳምንት በፊት አይመክረውም።

የአባትየው ደም ቢመረመርስ? ምርመራው ደቂቃዎች ይበቁታል፤ እሱም ኔጋቲቭ ከሆነ መርፌው አያስፈልግም። ይህ የሚያዋጣው ግን አባትነቱ የማያጠራጥር ከሆነ ነው። የአባትነቱን ጥያቄ ባል ባለበት መጠየቅ ትዳር ማፍረስ ነው፤ ሴቲቱን ለብቻዋ ማነጋገር ይገባል። ጥርጣሬ ካለ ወደ ክርክር ሳይገቡ መርፌውን መስጠት ይሻላል።

ሾተላይ የተባለው ሁሉ ግን አር ኤች አይደለም። ሳይታከም የቆየ ቂጥኝም ልጅ በልጅ ላይ ይገድላል። አካሄዱ የተገላቢጦሽ ነው፤ በቂጥኝ የሚጎዱት ብዙውን ጊዜ ከመያዝ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ እርግዝናዎች ሲሆኑ ኋለኞቹ እየቀለላቸው ይሄዳል፤ በአር ኤች ግን እየከፋ ይሄዳል። ስለዚህ ያለፉት እርግዝናዎች ቅደም ተከተል በጥንቃቄ ሊጠየቅ ይገባል። ቂጥኝ በቤንዛቲን ፔኒሲሊን ይድናል፤ ባልም አብሮ ካልታከመ ግን ይመለሳል።

በቂርቆሱ የካዛንቺስ ሰፈር የእርግዝና ክትትሉን የሚያወሳስበው ሌላ ጉዳይ አለ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሣ ብዙ ቤተሰብ ወደ ከተማዋ ዳር ሄዷል፤ የክትትል ካርዱ ግን የቀድሞው ጤና ጣቢያ ሣጥን ውስጥ ሊቀር ይችላል። የደም ዓይነቷ ኔጋቲቭ የሆነ ሴት ውጤቱንና የተወጋችበትን ቀን በእጇ ይዛ ትሂድ፤ በአዲሱ ጤና ጣቢያም በመጀመሪያው ቀን ታሳውቅ።