ብዙ ተግባራትን በአንድነት የሚማር የነርቭ መረብ

የሳንባ ምች የያዘው ታማሚ ሆስፒታል ሲደርስ፣ አልጋ ይዞ ይታከም ወይስ መድኃኒት ታዝዞለት ወደ ቤቱ ይመለስ የሚለውን ጥያቄ ሐኪሙ ፈጥኖ መመለስ አለበት። የላቦራቶሪው ውጤት ግን ገና አልደረሰም። በአሜሪካ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ የነበሩት ሪች ካሩዋና ይህን ችግር ለሰው ሠራሽ የነርቭ መረብ ሰጥተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 በመመረቂያ ጽሑፋቸው ያብራሩት ዘዴ ዛሬም ጥልቅ የነርቭ መረቦችን ለማሠልጠን ያገለግላል። በዚህ ጽሑፍ የዘዴውን ምንነት እንመለከታለን።

አስቀድመን መረብ እንዴት እንደሚማር እናስታውስ። የነርቭ መረብ በንብርብር የተደረደሩ ቀላል የስሌት አሃዶች ስብስብ ሲሆን፣ አሃዶቹን የሚያያይዟቸው «ክብደት» የሚባሉ ቁጥሮች ናቸው። መረቡ የሰጠው ግምት ከትክክለኛው መልስ ጋር ይነጻጸራል፤ ልዩነቱም ወደ ኋላ እየተመለሰ ክብደቶቹን በጥቂት በጥቂቱ ያርማል።

ካሩዋና የተጠቀሙበት መዝገብ የ14,199 ታማሚዎችን መረጃ የያዘ ነበር። በውስጡም እንደ ዕድሜ፣ ጾታና የደም ግፊት ያሉ 30 መሠረታዊ መለኪያዎች እንዲሁም 35 የላቦራቶሪ ውጤቶች ይገኙ ነበር። የላቦራቶሪው ውጤት አዲስ ለመጣ ታማሚ ስለማይኖር በግብአትነት ሊያገለግል አይችልም። ታዲያ ይጣል? ካሩዋና አልጣሉትም፤ መረቡ ሊመልሰው የሚገባ ተጨማሪ ጥያቄ አደረጉት። መረቡ ከ30ዎቹ መለኪያዎች ተነሥቶ የሞትን አደጋ ብቻ ሳይሆን የነጭ የደም ሕዋሳትን ብዛት፣ የፖታሲየምን መጠንና የመሳሰሉትንም እንዲገምት ሠለጠነ። ከሥልጠና በኋላ የላቦራቶሪ ግምቶቹ አያስፈልጉም፤ የሞት አደጋ ግምቱ ግን ያንን ብቻ ከተማረው መረብ የተሻለ ሆኖ ተገኘ።

ምክንያቱ የሁሉም ተግባራት እርማት በአንድ የጋራ ንብርብር ላይ ማረፉ ነው። ከአሥር ታማሚዎች ዘጠኝ ያህሉ ስለዳኑ «ሞተ» ወይም «ዳነ» የሚለው መልስ ብቻውን የሚያስተምረው ጥቂት ነው፤ መረቡም በአጋጣሚ የተገጣጠመውን ሁሉ እንደ ሕግ ሊይዝ ይችላል። ለአንዱ ጥያቄ በአጋጣሚ የሠራ ነገር ግን ለሌሎቹም ይሠራል ማለት ዘበት ነው። ስለዚህ በጋራው ንብርብር የሚጸናው ከታማሚው የሰውነት ሁኔታ ጋር በእርግጥ የተያያዘው ዕውቀት ነው።

በዛሬዎቹ ጥልቅ መረቦች የታችኞቹ ንብርብሮች የጋራ ሆነው የላይኞቹ ለየተግባሩ ይከፈላሉ። በትርጉም ሥራም ብዙ ቋንቋዎች አንድ መረብ ይጋራሉ፤ ሜታ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ ያደረገው 200 ቋንቋዎችን የሚተረጉም መረብ አማርኛንም ይጨምራል። ጥቂት ጽሑፍ ያላቸው ቋንቋዎች ብዙ ካላቸው የሚበደሩት በዚህ መንገድ ነው።

ይሁንና ዘዴው ሁለት ገደቦች አሉት። አንደኛው፣ ተግባራቱ ካልተዛመዱ እርማታቸው ክብደቶቹን ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ይጎትታል፤ ያን ጊዜ ለየብቻ መማር ይሻላል። ሁለተኛው የመዝገቡ ጉድለት ነው። በዚያው የሳንባ ምች መዝገብ ላይ የተሞከረ ሌላ ዘዴ፣ አስም ያለባቸው ታማሚዎች የመሞት አደጋቸው አነስተኛ ነው የሚል ሕግ አወጣ። እውነቱ ግን አስም ያለባቸው ወዲያውኑ የተጠናከረ ሕክምና ማግኘታቸው ነበር። የነርቭ መረቡም ያንኑ ስህተት ተምሮ ሊሆን እንደሚችል ስለተሰጋ ለታማሚዎች እንዳይውል ተደረገ።

እንግዲህ የጥያቄዎቹ መብዛት መረቡ በመዝገቡ ውስጥ ያለውን በሚገባ እንዲያነብ ይረዳዋል፤ መዝገቡ ያልያዘውን የሚጠይቅ ግን ሰው ብቻ ነው።