ሾፌሩ የመረጠው እራት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና የሚመላለስ ነጋዴ የሸዋ ሮቢትን እራት በቃሉ ያውቀዋል። ከኮምቦልቻ የተነሳ የኮንትራት ሚኒባስ አመሻሽ ላይ ይደርሳል። ረዳቱ በሩን ከፍቶ «እራትም አዳርም እዚህ ነው» ይላል። አስራ ሁለቱም ተሳፋሪዎች ይወርዳሉ። ሌላ ቤት ልፈልግ የሚል የለም፤ ዕቃው መኪናው ላይ ነው።

ሜኑ የለም። አስተናጋጇ ጥብስ፣ ቀይ ወጥ፣ በያይነቱ እያለች በቃሏ ትደረድራለች። በዕድሜ ጠና ያሉት ተሳፋሪ «የኔ ልጅ፣ ስንት ስንት ነው?» ሲሏት «ግዴለም ጋሼ፣ ተደምሮ ይመጣል» ትላለች። እውነትም ተደምሮ ይመጣል። ከዚያ በፊት ግን ጥበቃው ረዥም ነው። ለስላሳውና ውሃው ብቻ ቶሎ ቶሎ ይቀርባል፤ በቆላ ወበቅ የተጠማ ሰው ዋጋ ጠይቆ አይጠጣም። በስንት ጉትጎታ በትልቅ ትሪ የመጣው ጥብስ አጥንት ይበዛዋል፣ እንጀራው የትናንት ነው፣ ወጡም ቀጥኗል። ሽንኩርትና ቲማቲም በመኪና እየተጫነ ወደ አዲስ አበባ በሚወጣበት በይፋት ቆላ ቁሌት የሌለው ወጥ መብላት ያስተዛዝባል። ጥግ ላይ የተቀመጡት ሾፌሩና ረዳቱ ግን ፍሙ ያልጠፋ የሸክላ ጥብስ ይዘዋል። ለእነሱ ሂሳብ አይመጣም።

ሚስጥሩ ያለው እዚህ ጥግ ላይ ነው። ቤቱን የሚመርጠው ሾፌሩ ሲሆን የሚከፍለው ተሳፋሪው ነው። ስለዚህ ምግብ ቤቱ የሚፎካከረው በሾፌሩ ሳህን ነው። ነፃ የተባለው እራት ኮሚሽን ነው፤ በአስራ ሁለቱ ሂሳብ ላይ ተከፋፍሎ ይጫናል። ደላሎች ይህን አሠራር ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልጋቸውም። ልዩነቱ የእህል ደላላ ገበሬውንም ገዢውንም በሚቀጥለው ገበያ ማግኘቱ ነው። የሚኒባሱ ተሳፋሪ ግን ነገ ሌላ ሰው ነው።

ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት፣ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ በማያውቅበት ገበያ መናኛው ዕቃ ደህናውን እንደሚያስወጣ በአሮጌ መኪና ምሳሌ አሳይቶ በ2001 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። የሮቢት ተሳፋሪ ደግሞ ካለማወቁም በላይ መውጫ የለውም። ከተማዋ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ገና ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ያለውን ጣርማበርን መውጣት ይቀረዋል። በጨለማና በጉም ያንን ዳገት የሚደፍር ስለሌለ፣ ውሃ ባይከበውም ደሴት ላይ እንዳደረ እንግዳ ነው።

በከተማዋ ያለው ቤት ሁሉ እንዲህ ነው ማለት አይደለም። የጭነት መኪና ሾፌሮች ደጋግመው የሚቆሙበት ቤት ወጡ ሌላ ነው። እነሱ ከኪሳቸው ይከፍላሉ፣ ደግመውም ይመጣሉ፤ አንድ ቀን ከተከፉ መኪናቸውን ሌላ በር ላይ ያቆማሉ።

በዚህ መስመር ገንዘቡን ሊያፈስ የሚያስብ ባለሀብት ዋጋ ለጥፌ፣ ነፃ ሳህን አስቀርቼ እሠራለሁ ቢል በመጀመሪያው ሳምንት የሚኒባስ ድርቅ ይመታዋል። ጎረቤቱ ሾፌሩን እያበላ እሱ ብቻውን ሊያቆም አይችልም። የሚያዋጣው በስማቸው ቲኬት ከሚሸጡ አገር አቋራጭ ባሶች ጋር መዋዋል ሳይሆን አይቀርም፤ የተከፋ መንገደኛ አቤት የሚልበት ቢሮ ስላላቸው የሾፌራቸው ምርጫ ግድ ይላቸዋል።

የመንገዱ ስጋትም በስሌቱ መግባት አለበት። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ ዘልቆ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭት ከተነሳ በኋላም ጉዞው በየጊዜው ተቋርጧል። እንዲህ ባለ ጊዜ ለምግብ ቤቱ የሚቀረው የከተማው ሰው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የጥብሱን ዋጋ ያውቃል።

አስራ ሁለቱ በማግስቱ ዳገቱን ጀምረው ደብረ ሲና ሲደርሱ ረዳቱ «ቁርስ እዚህ ነው» ብሎ በሩን ይከፍታል። አዛውንቱ ይወርዱና መንገድ ዳር ቆሎ ይገዛሉ። ሻጯ ዋጋውን ነግራ፣ ዓይናቸው እያየ በብርጭቆ ትሰፍርላቸዋለች።